በአምባ ላይ የተመሠረተችው ጽርሐ ሰማይ፤ ምናባዊ ዋና ከተማ በምን ትኖራለች?

ሰብለ ዘምናብ (ጥያቄ)፦

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ረዘም ያለ የምናብ ልብ ወለድ በአማርኛ እየጻፍሁ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በየትኛውም ካርታ ላይ በማትገኝ፣ አልሳ ብዬ በሰየምኋት የንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ሲሆን፣ ዋና ከተማዋ ጽርሐ ሰማይ ትባላለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ከፍታ ባለውና ዙሪያውን ገደል በሆነ አምባ ላይ ነው። በሦስት ዙር ግንብ ታጥራለች፤ 200,000 ሰው ይኖርባታል፤ ነገሥታቱም ለ600 ዓመታት ከእርሷ ሳይነቃነቁ ገዝተዋል። ከቤተ መንግሥቱ በስተምሥራቅ የጠቢባን ደብር አለ። ጠቢባኑ «እብነ እሳት» የሚባል፣ ሳይነድና ሳይጨስ የሚያሞቅ ድንጋይ የመሥራት ምስጢር በእጃቸው ይዘዋል።

የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ያነበቡ ወዳጆቼ ግንቡንና ቤተ መንግሥቱን ወደዋቸዋል፤ ነገር ግን በከተማዋ ውስጥ ሰው የሚኖር አይመስልም ብለውኛል። ማለዳ በበሩ የሚገባው ምን እንደሆነ፣ ማታ ምድጃው በምን እንደሚነድ፣ ንጉሡ በሌለበት ወራት ማን እንደሚፈርድ ሲጠይቁኝ መልሱ በጽሑፌ ውስጥ አልነበረም። የምመኘው ደግሞ ከሌላ አገር ተረት በተዋስሁት ግንብ ላይ የእኛን ስም መለጠፍ አይደለም። ከደጋው ኑሮ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሥርዓት፣ ከገበያውና ከመንገዱ የበቀለች ከተማ እንድትሆንልኝ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ታሪክ፣ ግብርና ወይም የከተማ አሠራር የምታውቁ ሁሉ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህን ያህል ሕዝብ በአምባ ላይ ሊኖር ይችላልን? ንጉሠ ነገሥቱ ለዘመቻ ሲወጣ ከተማዋ ምን ትሆናለች? ሰፈሮቿስ በምን ሥርዓት ይደልደሉ? እብነ እሳት የማገዶን ችግር ከፈታው ደግሞ ከታሪኩ የሚጠፋ ነገር ይኖር ይሆን?

ዘእንጦጦ፦

እኅቴ ሰብለ፣ ጥያቄዎን በደስታ አነበብሁት። እኔ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባዋል የምለው «ለ600 ዓመታት ሳይነቃነቁ» የሚለውን ቃልዎን ነው፤ ምክንያቱም የደጋው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ከሌሎች የሚለይበት አንዱ ትልቅ ጠባይ መንቀሳቀሱ ነውና።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት በነበሩት ጥቂት ምዕተ ዓመታት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በድንኳን ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ሰፈሩ በደረሰበት ሁሉ የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለ ቦታ ይተከላል፤ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ይቆማል፤ የፍርድ ድንኳን፣ ገበያ፣ የመኳንንቱ ማረፊያ እያንዳንዱ የታወቀ ስፍራ አለው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሜዳው ላይ በሰፈረ ጊዜ ማንም ሰው ቦታውን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ ከቀኝ፣ ግራዝማቹ ከግራ የሚሰፍሩበት ይህ አሰፋፈር በሹመት ስማችን ውስጥ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ቆይቷል።

የመንቀሳቀሱ ምክንያት ጦርነት ብቻ አልነበረም። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት፣ የሠራዊቱ ቤተሰብ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ አጋሰሱና በቅሎው በአንድ ስፍራ ብዙ ጊዜ ከቆየ የአካባቢውን ገበሬ ጎተራ ያራቁታል፤ ዛፉንም ጨርሶ ያነደዋል። ስለዚህ መንግሥቱ እህል ወዳለበት ይሄዳል። ግብር ወደ ንጉሡ ከሚመጣ ይልቅ ንጉሡ ወደ ግብሩ መሄዱ የሚቀልበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በአምባ ላይ የቆመች ከተማ ምን እንደሚገጥማት ለማየት የእንጦጦን ነገር ያስቡ። ዐፄ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ቦታው ለጥበቃ የተመቸ ነበር፤ ነገር ግን ብርዱ ጽኑ ነው፣ ውኃና ማገዶም ይቸግራል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከተማዋ ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደች። ከዚያም ብዙ ዓመት ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን ተመነጠረ፤ እንጨት ከሩቅ በሰው ጀርባና በአህያ መምጣት ጀመረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው አዲስ ዓለም ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። የከተማዋ ዕድል የተለወጠው ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ በየግቢው ከተተከለ በኋላ ነው። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድ ዛፍ የአንድን መንግሥት መቀመጫ እንዳጸና ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ ለምናብ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አይገኝም።

ስለ ሰፈሮቹ ላነሡት ጥያቄ የምመክርዎ ይህንኑ የድንኳን አሰፋፈር ወደ ድንጋይ እንዲለውጡት ነው። በአዲስ አበባም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። መኳንንቱ በግቢው ዙሪያ በተሰጣቸው ጉብታ ላይ ከነጭፍራቸው ሰፈሩ፤ ሰፈሮቹም በስማቸው ተጠሩ። ዛሬም ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል የምንጠራው ያንን አሰፋፈር ነው። የጽርሐ ሰማይ ቀኝ ሰፈር የቀኝ ክንፍ ወታደሮች ልጅ ልጆች ርስት ቢሆን፣ ከ200 ዓመት በኋላ ጦር መያዝ የረሱ ሸማኔዎች እንኳን በበዓል ሰልፍ በቀኝ በኩል የመቆም መብታቸውን አጥብቀው ሲከራከሩ አንባቢ ያያቸዋል።

የጎተራ ጸሐፊ፦

ከላይ የተሰጠው መልስ መልካም ነው። እኔ ስሌቱን ልጨምር።

አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ይበላል እንበል። 200,000 ሰው በቀን 1,000 ኩንታል ይፈጃል ማለት ነው። አንድ አህያ 50 ኪሎ ብትጭን በየቀኑ 2,000 የተጫኑ አህዮች የአምባውን መንገድ መውጣት አለባቸው፤ ደርሶ መልሱ 10 ቀን ቢፈጅ ደግሞ 20,000 አህዮች ዘወትር በመንገድ ላይ ናቸው። ይህ ገና ማገዶውን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውን፣ ለጠላው የሚሆነውን ገብስና ጌሾ፣ ለእርድ የሚነዳውን ከብት ሳንቆጥር ነው። አህዮቹና ነጂዎቻቸውም በልተው ነው የሚሄዱት፤ ጉዞው በረዘመ ቁጥር ከጭነቱ ለከተማዋ የሚተርፈው እያነሰ ይሄዳል።

በድሮው ዘመን ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ የነበራቸው ከተሞች በአብዛኛው የበሉት በውኃ ላይ የመጣ እህል ነው። ቁስጥንጥንያ በግብፅ ስንዴ ትኖር ነበር፤ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፋርሶች ግብፅን በያዙ ጊዜ ለነዋሪው በነጻ ይታደል የነበረው ዳቦ ተቋረጠ። ለእርስዎ የበለጠ የሚጠቅምዎ ግን የአዝቴኮች ከተማ ቴኖችቲትላን ትመስለኛለች። እርሷም በደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ነበረች። ሕዝቧ የጋማ ከብት አልነበረውም፤ በመንኮራኩርም አይጭንም። ይሁን እንጂ ሐይቅ ላይ በመቆሟ አንዲት ታንኳ ብዙ ሰው በጀርባው የማይችለውን ጭነት ታደርስላት ነበር፤ በሐይቁ ዳርም ከጭቃና ከእንጨት በተሠሩ መደቦች ላይ አትክልትና በቆሎ ይመረትላት ነበር።

ስለዚህ ምርጫዎ ሁለት ይመስለኛል፤ ወይ ሕዝቡን ወደ 30,000 ዝቅ ያድርጉት፣ ወይም ከአምባው ግርጌ ሐይቅ ያኑሩና በታንኳ የመጣውን እህል በገመድና በመዘውር ወደ ላይ ያስስቡ። በ30,000 ሕዝብ ስሌቱ በቀን 150 ኩንታልና 300 አህያ ይሆናል፤ ይህ ከበድ ቢልም የሚሞከር ነገር ነው።

ከፍታውም ራሱ ብዙ ይናገራል። በ3,200 ሜትር ላይ ጤፍ አይሆንልዎትም፤ የሚበቅለው ገብስና የመሳሰለው ነው። ጤፉ ከወይና ደጋ፣ ጥጡና ማሽላው ከቆላ ይመጣል። ጨው ደግሞ ከሁሉ ይርቃል። በእኛ አገር አሞሌ ጨው ከባሕር ጠለል በታች ካለው የአፋር ዝቅታ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ እየወጣ እንደ ገንዘብ አገልግሏል፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። በጽርሐ ሰማይ የድኻ ቤት እንጀራ የገብስ፣ የጌታ ቤት እንጀራ ነጭ ጤፍ ከሆነ፣ አንባቢ የገጸ ባሕርይዋን ማዕረግ ከሌማቷ ያውቃል። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሞልተው የቆላው መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ነጩ እንጀራ ከገበታ ይጠፋል፤ ኬላ ጠባቂውና ነጋድራሱም በዚያ ሰሞን ከጦር አዛዥ ያላነሰ ሥልጣን ይኖራቸዋል።

ውኃን በተመለከተ ደብረ ዳሞን ይመልከቱ። መነኮሳቱ በገመድ በሚወጣበት አምባ ላይ ዐለት ፈልፍለው የዝናብ ውኃ ያጠራቅማሉ። ለገዳም ይበቃል። ለ30,000 ሰው ግን እንዲህ ያለ ጉድጓድ በየቤቱ ያስፈልጋል፤ የጉድጓዱም ባለቤት ማን እንደሆነ ሕግ ሊኖረው ይገባል።

ሰብለ ዘምናብ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሕዝቡን ወደ 40,000 አወርደዋለሁ፤ ሐይቁንም ከአምባው ግርጌ አኖራለሁ። በጣም የወደድሁት የገመድና የመዘውር ነገር ነው፤ ከሐይቁ ዳር የደረሰውን እህል ወደ ላይ የሚስቡ ሰዎች ማኅበር እንዲኖራቸውና በአንድ ምዕራፍ ሥራ እንዲያቆሙ አስቤአለሁ።

ነገር ግን ከተማዋን ተንቀሳቃሽ ላደርጋት አልችልም። የታሪኩ ምሥጢር የተሰወረው በነገሥታቱ መቃብርና በደብሩ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ስለሆነ መቀመጫዋ የጸና መሆን አለበት። ከዘእንጦጦ ማስረጃ በኋላ ጥርጣሬ ገብቶኛል፤ የጸናች ከተማ ለዚህ ዓለም የማትስማማ ትሆን ይሆን?

ዘቀሃ፦

እኅታችን አትጠራጠሪ፤ ትስማማለች። የዘእንጦጦን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ድንኳኑን ብቻ አጉልቶ ግንቡን አሳንሶብናል። አክሱም፣ ጎንደርና ሐረር የዚሁ ምድር ከተሞች ናቸው። ጎንደር ከ200 ዓመት በላይ የነገሥታት መናገሻ ሆና የኖረችው በአንድ ብልኃት ነው፦ ንጉሡ በበጋ ይዘምታል፤ ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላ ወደ ከተማው ይመለሳል። ከተማይቱ ጸንታ ሠራዊቱ ይንቀሳቀሳል። ሐሳብሽን ሳትለውጪ ልትወስጂው የምትችይው ሥርዓት ይኸው ነው። በዚህም ጽርሐ ሰማይ ሁለት ፊት ይኖራታል። በክረምት ወታደር፣ ባለሙግት፣ አዝማሪና ደጅ ጠኚ ይሞላታል፤ በበጋ የሚቀሩባት ካህናቱ፣ ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹና ባለእጆቹ ናቸው። በሕዝቡ ቁጥር ላይ የተነሣውም ችግር በከፊል በዚህ ይቃለላል።

የጎንደርን ግቢ አይተሽ ከሆነ 900 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ቅጥር ውስጥ አንድ ቤተ መንግሥት ብቻ እንዳልቆመ ታውቂያለሽ። የዐፄ ፋሲል አለ፤ የልጃቸው የዐፄ ዮሐንስ አለ፤ የዐፄ ኢያሱ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብም እንዲሁ። ተከታዩ በቀዳሚው ቤት ከመኖር ይልቅ በአጠገቡ የራሱን አነጸ። አንቺ ግን አንድ ቤተ መንግሥት ብቻ ሥለሻል። 600 ዓመት የኖረ ግቢ የአያቶች ባዶ አዳራሽ የሞላበት ነው፤ የአንዱ ጣራ ወድቋል፣ አንዱ መዝገብ ቤት ሆኗል፣ በአንዱ ውስጥ የንጉሡ አንበሳ ታስሯል። ምሥጢርሽንም ከመጻሕፍት ቤቱ ይልቅ ማንም ሊኖርበት ከማይፈልገው አዳራሽ ውስጥ ብታኖሪው እኔ እመርጣለሁ።

በከተማይቱ ውስጥ የእምነትና የሙያ ወሰንም አትርሺ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር እስላሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ታዘዘ፤ በወንዝ ዳር ያለው፣ ዘእንጦጦ ከጠቀሰው የተለየ አዲስ ዓለም የተባለው ቦታ ሰፈራቸው ሆነ። ነጋዴዎቹ እነርሱ ስለነበሩ ከተማይቱ ያለ እነርሱ አትውልም አታድርም ነበር። ቤተ እስራኤልም አናጢዎች፣ ግንበኞችና ብረት ሠሪዎች ሆነው ኖረውባታል። ግንቡን የሠራው እጅ ከግንቡ ውጭ እንዲያድር የተደረገባት ከተማ ቁስሏን ተሸክማ ትኖራለች፤ ይህን ሳትጽፊ ሥርዓቷን ብቻ ብትጽፊ እውነት አይሆንም። ደግሞም እጨጌ ቤት የሚባለው የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር የመማጸኛ ስፍራ ነበር። ከንጉሡ ቁጣ የሸሸ ሰው እዚያ ከገባ ይጠለላል። ጠቢባንሽ በደብራቸው ዙሪያ እንዲህ ያለ መብት ካላቸው፣ ከቤተ መንግሥቱ በጥቂት መቶ እርምጃ ርቀት ንጉሠ ነገሥቱ እጁን የማይዘረጋበት ምድር አለ ማለት ነው፤ የታሪኩ ግማሽ ከዚህ ይወለዳል።

የጁገል ልጅ፦

ሐረር ስለተነሣች አንድ ነገር ብቻ ስለ ግንቡ ልጨምር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የተሠራው የሐረር ግንብ ጁገል ጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪና አስመዲን በሪ ይባላሉ። በሮቹ ማታ ይዘጉ ነበር። እያንዳንዱ በር የራሱ መንገድ፣ የራሱ ሰፈርና የራሱ መንገደኛ አለው። ሰብለ ሦስት ዙር ግንብ ሠርተዋል፤ በሮቹ ግን ስም አልተሰጣቸውም። በየትኛው በር ጨው፣ በየትኛው ከብት፣ በየትኛው ሬሳ እንደሚያልፍ ከወሰኑ መንገዶቹ በራሳቸው ይሠመራሉ።

በጁገል ግንብ ሥር ደግሞ ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ተትተዋል፤ ጅቦቹ የከተማውን ጥራጊ ይበላሉ። ጠላት እንዳይገባ የታነጸ ግንብ ለአውሬ መግቢያ ሲተውለት ነዋሪው ከዙሪያው ዱር ጋር ስምምነት እንዳለው ይታያል። በጽርሐ ሰማይ ግንብ ሥር ሌሊት ማን እንደሚገባ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ዘእንጦጦ፦

የዘቀሃን እርማት በደስታ እቀበላለሁ፤ የበጋና የክረምቱ አከፋፈል ከእኔ ሐሳብ ይልቅ ለዚህ ልብ ወለድ ይስማማል። አንድ ነገር ግን ይቀራል። ንጉሡ በበጋ ከሠራዊቱ ጋር ይወጣል ማለት ፍርድም አብሮት ይወጣል ማለት ነው። «ጃንሆይ» ብሎ የሚጮኽ ባለጉዳይ ሰፈሩን ተከትሎ ይሄዳል ወይስ ክረምትን ይጠብቃል? ሰብለ ይህን በግልጽ ብትወስን የማኅተሙ ጠባቂ የጸሐፌ ትእዛዙና የዳኞቹ አለቃ የአፈ ንጉሡ ቦታም አብሮ ይታወቃል። እኔ ብሆን ማኅተሙን ከንጉሡ ጋር አዘምትና በከተማው የምትቀረውን እቴጌ ያለ ማኅተም ትፈርድ ዘንድ አስገድዳታለሁ።

ያልተመለሰው የእብነ እሳት ጥያቄ ነው። ድንጋዩ በየቤቱ ካለ በአምባው ዙሪያ ደኑ አይመነጠርም፤ ኩበቱ ከምድጃ ይልቅ ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ጎጆውም ጭስ ስለሌለው ሣር ክዳኑን ምስጥና ተባይ ፈጥኖ ይበላዋል። ከሁሉም በላይ ከእንጦጦ ተራራ በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ የምናያቸው ሴቶች በጽርሐ ሰማይ አይኖሩም። ሸክሙ መቅረቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሸክም ልጆቻቸውን ያሳደጉት ሴቶች እንጀራ በምን እንደተተካ መጽሐፉ መልስ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ድንጋዩ ለሁሉ እንዳይዳረስ እመክራለሁ። ጠቢባኑ በዓመት የሚሠሩት ጥቂት ይሁን፤ መጀመሪያ ለግቢው፣ ቀጥሎ ለመኳንንቱ፣ ከዚያ ገንዘብ ላለው ይታደል። በላይኛው ግንብ ውስጥ ጭስ የለም፤ በታችኛው ሰፈር ሰማዩ ማለዳ ማለዳ በጭስ ይሸፈናል፤ እንግዳ ሰው ከሩቅ ሲመጣ የማን ሰፈር የት እንደሆነ ከጭሱ ለይቶ ያውቃል። ጠቢባኑም በንጉሡ ላይ ባኮረፉበት ክረምት ድንጋዩን ከግቢው ቢከለክሉ፣ በ3,200 ሜትር ብርድ ላይ ያለ ቤተ መንግሥት ማገዶ ፍለጋ ወደ ታችኛው ሰፈር ሴቶች መልእክተኛ መላክ ይኖርበታል። በስንት እንደሚሸጡለት ግን ሰብለ ትወስን።